የፊት መብራቱ ሽቦ

በቀይ ሽብሩ ጊዜ ታጣቂዎች የወሰዱት ወንድሜ ሙሀመድሰዒድ አልተመለሰም። ላንድሮቨሩ ባሕር ዳር፣ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ስለቀረ፣ ሞተሩን አውጥተን ወደ ደቅ ደሴት በሚመላለስ ጀልባ ላይ ልንገጥመው ከሚስቱ ከዘይነት ጋር ተስማማን።

እኔ መካኒክ ነኝ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ለጀልባ የማያስፈልጉትን ሽቦዎች ከየሶኬታቸው መንቀል ጀመርሁ። የፊት መብራቱን ሽቦ ስነቅል ከግቢው በር ውጭ ክላክስ ተሰማ። ሻካራ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እፊቴ የቆመው የዚሁ መኪና ክላክስ ነው።

ዘይነት ከቤት ሮጣ ወጣች። «አትክፈቺ!» አልኋት።

«ምነው ቆየህ?» አለች በሩን እየከፈተች።

«ምን ላድርግ ዘይነት» አላት ወንድሜ፤ «አሁን እዚህ ስደርስ መብራቱ ድንገት ጠፋብኝ።»