አሥራ ሁለት ደቂቃ

መምህሩ ዳገት ቢወጣ ቁልቁለት ቢወርድ እርምጃው አይለወጥም። የሰፈሩ ሰዎች «ባትሪ የገጠሙለት ነው የሚመስለው» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ጡረታ የወጡት ዳኛ ቤት ለማስጠናት ከገባ አንድ ወር ሆኖታል። የዳኛው ልጅ የምትቀርብበት የሥራ ፈተና ካልኩሌተር አያስገባም። አባትየው አስጠኚውን አላስታወሱትም። እስር ቤት ያሸበተን ሰው ማን ያስታውሳል? እሱ ግን የመጣው ለክፍያው ሳይሆን ስሙን ሊያስመልስ ነው።

መጀመሪያ በሰዓት የተነገረን ኪሎ ሜትር በሰከንድ ወደሚሄድ ሜትር መለወጥ አሳያት። «አሥራ ስምንት ባየሽበት ሁሉ አምስት አስቢ። ሰባ ሁለት ውስጥ አራት አሥራ ስምንት አለ። አራት ጊዜ አምስት፣ ሃያ ሜትር።» ልጅቷ ወረቀት ሳትነካ መመለስ ጀመረች።

የሚቀርብለትን ውሃ አንድም ቀን ቀምሶ አያውቅም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ንግግሩን አቋርጦ ይነሳና ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ይመለሳል። «ቧንቧውስ በሰከንድ ስንት ይሄዳል፣ መምህር?» ብላ ቀልዳበት ነበር። አልሳቀም።

ዛሬ ዳኛው ጋዜጣቸውን ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል። መምህሩ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የከረመው።

«አንድ ሰው መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር በአርባ ሄደ፤ ያንኑ መንገድ በስልሳ ተመለሰ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?»

«ሃምሳ» አሉ ዳኛው፣ ልጃቸውን ቀድመው።

«ተሸወድክ፣ አባዬ።»

በአርባ ሲሄድ ረዘም ያለ ጊዜ መንገድ ላይ እንደሚቆይ አስረዳቻቸው። ሁለቱን ፍጥነት አባዝታ፣ እጥፍ አድርጋ፣ ለድምራቸው አካፈለች፤ አርባ ስምንት። ደርሶ መልሱ ድፍን አምስት ሰዓት ይፈጃል።

«በሃምሳ ሲታሰብ ግን» አለ መምህሩ ዳኛውን እያየ፣ «አሥራ ሁለት ደቂቃ ይተርፋል።»

ጋዜጣው ዝቅ አለ።

ዳኛው ያን ቁጥር ያውቁታል። አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበር። ሹመቱን የነጠቀው ባልደረባው፣ አስተማሪው በዚያ ቀን መኪና በነዳበት መንገድ ዳር ኩሬ ውስጥ ሰጥሞ ተገኘ። አስተማሪው መቶ ሃያውን ኪሎ ሜትር በአርባ ሄጄ በስልሳ ተመለስኩ፣ የትም አልቆምኩም ብሎ ቃሉን ሰጠ። ወጥቶ እስኪመለስ አምስት ሰዓት መፍጀቱን የግቢው ዘበኛ መሰከረ። ዳኛው አማካዩን ሃምሳ አሉና በተረፈችው አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ገድሎታል ብለው ፈረዱበት። ሌላ ማስረጃ አልነበረም። ችሎቱን ከሞላው የተማረ ሰው መሃል አንድ እንኳ ሂሳቡን ደግሞ ያየ አልተገኘም።

«አንተ ነህ» አሉ።

«አሥራ አምስት ዓመት ታሰርኩ፣ ክቡር ዳኛ። ላልነበረች አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ልጃቸው ፊት አለቀሱ። ነገ ፍርድ ቤት ቀርበው ስህተታቸውን በገዛ አፋቸው እንደሚናገሩ፣ ስሙ እስኪጸዳም እንደማያርፉ ማሉለት።

መምህሩ ተነስቶ ቧንቧውን ዘጋ። ከዚያ ወጥቶ ቁልቁለቱን በዚያው በማይለወጥ እርምጃው ወረደ።

ባልደረባው የሞተ ቀን ሲሄድም ሲመለስም የነዳው በሃምሳ ነበር።