ለሐዘንተኛ የማይሆን

ትርንጎ ባሏ ሙላቱ የጻፈውን መጽሐፍ ገለጠች፤ ገጹ ዛሬም ባዶ ነው። ሙላቱ በሞተ በሳምንቱ የታተመውን ይህን መጽሐፍ፣ የመጻሕፍት መደብሮች «ለሐዘንተኛ የማይሆን» ብለው መድበውታል። ከዚያ ወዲህ ከል የለበሰ ሰው ሲገልጠው ፊደሉ ይጠፋል። ኢንተርኔት ላይ ሺህ ሰው «ፊደሉን መልሱላት!» እያለ ይጮኻል፤ መደብሮቹ ግን ወይ ፍንክች።

«ለአንዲት ደቂቃ ከሉን አውልቂው በቃ» አለች የሙላቱ እህት አስካለ፣ ቢጫ ቀሚስ እያቀበለቻት።

«አርባው እንኳ ሳይወጣ?»

«የሞተው ወንድሜ ነው፤ እኔ ፈቅጄልሻለሁ።»

ትርንጎ ጓዳ ገብታ ቀየረች። መጽሐፉን ስትገልጠው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊደሎቹ ብቅ አሉ፦

«መታሰቢያነቱ ለትርንጎዬ። እኔ ብቀድምሽ፣ ከል እንዳትለብሺብኝ።»

ደጋግማ አነበበችው።

«እምቢ፣ ሙሌ» አለችና ጥቁሩን ቀሚስ መልሳ ለበሰች። ፊደሎቹ ጠፉ። ጣቷ ግን ስሟ የነበረበት ቦታ ላይ ቀረ።