በድንጋዩ ተዳፋት ላይ የተቋጠረ ሸምበቆ

የማኒላ ሙቀት ያንገፈገፋቸው አሜሪካውያን ሹማምንት ተራራችን አናት ላይ፣ ጥዱ መሃል፣ ከተማ ይሠሩ ነበር። ቤቱ ከመንገዱ ቀደመ። ስለዚህ መንገድ አስፈለገ፤ ለመንገዱም እኛ አስፈለግን። ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ስለዚያ ሥራ ብዙ አልናገርም። ሁለት ጣቶቼ ዛሬም አይታጠፉም።

መሐንዲሱ ሚስተር ኮልቢ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸውን ችካሎች የተከለው በሩዝ እርከናችን መሃል ለመሃል ነበር። አፈሩ ለስላሳ፣ መሬቱ ደልዳላ። መንደራችን ባቲንግ ከዚያ እርከን ሌላ የሚያበላ መሬት አልነበራትም።

ከብት አርቢው ፒራሶ አሳማ እየጎተተ ሊለምነው ሄደ።

«መንግሥት ለሩዝ ብሎ አይጠማዘዝም ይላል» ሲል አስተርጓሚው ክሪሳንቶ መለሰለት። ክሪሳንቶ የቆላ ሰው ነው፤ መጥፎ ወሬ ሲነግር ጫማውን ያያል።

አሳማውን ግን ተቀበሉት።

በዚያው ሳምንት አፖ ዲናያ ሸምበቆ መቋጠር ጀመሩ፤ አረጋውያንን «አፖ» ብለን ነው የምንጠራው። አፖ ዲናያ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው የማይዝል አሮጊት ናቸው። ከአንድ ድስትና ከእናታቸው ከወረሱት ጥንድ የወርቅ ጉትቻ በቀር ንብረት አልነበራቸውም። ጉትቻውን ሲታመሙም ሲታጠቡም አያወልቁትም። «እሷ ስትሞት ጉትቻው ነው ለቅሶ የሚቀመጠው» ይል ነበር ፒራሶ።

በእኛ አገር አንድ ቦታ እንዳይነካ የፈለገ ሰው ሸምበቆ ይተክልና ጫፉን ይቋጥራል። ያንን አልፎ የሚሄድ የለም። አፖ ዲናያ የቋጠሩት ግን ከእርከኑ ማዶ፣ ፍየል እንኳ የማትወጣው የድንጋይ ተዳፋት ላይ ነበር።

ፒራሶ ከታች ሆኖ ጮኸ።

«አንቺ ዲናያ! ሊወሰድብን የተቃረበው እዚህ ነው፤ አንቺ እዚያ እንሽላሊት ትጠብቂያለሽ?»

«እንሽላሊትስ ማን አለው?»

«ለእኛ ሩዝ ሁለት ቋጠሮ አይተርፍሽም?»

«ወገቤ ጭቃ ላይ እንቢ ይላል።»

«ጭንቅላትሽን ደግሞ ምን ብለሽ ነው የጠመጠምሽው?»

«ጆሮዬን አሞኛል። ያንተን ድምፅ ብዙ ሰምቼ ነው።»

ሳቅን። ያን ሰሞን የሚያስቅ ነገር ብዙ አልነበረም።

ኮልቢም ቋጠሮዎቹን አየ። አሮጊቷን አስጠራቸው።

«እዚያ ምን አለ?» አላቸው በክሪሳንቶ አፍ።

«ድንጋይ።»

«ከድንጋዩ ሥርስ?»

«ሌላ ድንጋይ።»

«ታዲያ ድንጋይ ማን ይሰርቅሻል ብለሽ ነው?»

አፖ ዲናያ አቀረቀሩ። ድምፃቸውም ዝቅ አለ። «እባክህ ልጄ፣ እዚያ አትውጣ» አሉት።

ኮልቢ ምሳውን ሳይበላ ወጣ። በእነዚህ ተራሮች ወርቅ እንዳለ፣ የወርቁንም ስፍራ ለባዕድ የሚያሳይ ሰው እንደሌለ ሰምቷል። ክሪሳንቶ በኋላ፣ የሩዝ ጠላ ሲቀምስ እንዳጫወተን፣ ከመጨረሻው ቋጠሮ ሥር፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ ኮልቢ ጥፍር የምታህል ቢጫ ነገር አገኘ። ተቀጥቅጣ ተጠፍጥፋለች። ነከሳት። «ውሃ ሲያንከባልለው እንዲህ ይሆናል» አለና ኪሱ ከተታት፤ ለማንም እንዳይናገርም ክሪሳንቶን አስማለው።

በማግስቱ ቀያይ ችካሎቹ ከሩዙ ተነቅለው ተዳፋቱ ላይ ተተከሉ።

እርከኑ ተረፈ። ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ ደግሞም ደስ ብሎናል። ግን የወርቁ ወሬ አልተደበቀም፤ የክሪሳንቶ መሐላ ከሁለተኛው ኩባያ አላለፈም። ሴቶቹ አፖ ዲናያን ሰላም ማለት ተዉ።

«ወርቅ ላይ ተቀምጠሽ» አላቸው ፒራሶ፣ «በድርቁ ጊዜ ከእኔ ደጅ ስኳር ድንች ትለምኚ ነበር!»

«ጣፋጭ ነበር» አሉት።

የመጀመሪያው ድማሚት ሊፈነዳ ሲል አፖ ዲናያ ሄደው ችካሉ ሥር ተጋደሙ። አለቀሱ። ድንጋዩን አቀፉ። ሁለት ሰዎች አንስተን ወሰድናቸው፤ ላባ ያህል እንኳ አይከብዱም። ኮልቢም የተኙበትን ቦታ አይቶ፣ እዚያው ላይ ተጨማሪ ጉድጓድ እንድንቆፍር አዘዘ።

ክረምቱን ሁሉ ድንጋይ ፈለጥን። ኮልቢ ፍርስራሹን በወንፊት አስነፋ፣ አሳጠበ፣ በምላሱ ሳይቀር ቀመሰ። ድንጋይ ነበር። ከሥሩ ሌላ ድንጋይ። ተስፋ ሲቆርጥ መንገዱ ተዳፋቱን ጨርሶ ወደ ላይ ወጥቷል። ትልልቆቹ ሹማምንት መጥተው አዩት። በአለት ላይ የተሠራ መንገድ ጎርፍ አይወስደውም ብለው አመሰገኑት፤ እጁንም ጨበጡት። የኮልቢ ፊት ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ነበር።

ሩዙ ደረሰ። አጨድን። ፒራሶ ሦስት አሳማ ጣለ፤ ነጋሪቱና ቃጭሉ ከጠዋት ጀምሮ ይመታ ጀመር። አፖ ዲናያን የጠራቸው የለም። ራሳቸው መጡ፤ ሻሻቸውን እንደጠመጠሙ።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ድሃ ባለወርቅ!» አላቸው ፒራሶ፣ ሥጋ እየቆረጠ። «አልቀረልሽም አይደል?»

«አልቀረልኝም።»

«ጆሮሽስ?»

«ድማሚቱ ከቆመ ወዲህ ተሽሎኛል።»

ቃጭሉ ሲፈጥን ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ጨፈሩ። ከወጣቶቹ ይበልጥ ጨፈሩ። ሲያልባቸውም ሻሻቸውን ፈተው ፊታቸውን ጠረጉበት።

ከቀኝ ጆሯቸው ጉትቻው ተንጠልጥሏል፤ ግራው ባዶ ነበር።