መስኮቱን የጋረደው ሮማን

አናጢው እናቱን ከቀበረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሮማን መስኮቴን ጋረደው፤ ቆረጥ ቆረጥ አድርግልኝ» ስትለው፣ «ነገ፣ እማዬ» ይላት ነበር።

ዛሬ ጠዋት መቀሱን አነሳ። ሚስቱ የወደቀውን ትለቅማለች።

«አየሽ፣ ሩብ ሰዓት እንኳን አልፈጀም» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«ተው እንግዲህ፣ አትብገን።»

የመጨረሻዋን ቅርንጫፍ ሲጥላት ፀሐይ ወደ ባዶው ክፍል ገባች።

«ተባረክ ልጄ፣ አሁን ገና ፊትህን አየሁት» አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ። «እስቲ ውኃ ስጡኝ።»

ጆሮዬ ነው ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ግን ቅጠሉን እንደታቀፈች፣ በለመደ አፏ «እሺ እማማ፣ መጣሁ!» ብላ ወደ ቤት አመራች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቀጥ አለች።