ፈረስ የሚመርጠው ማሽን

ዴልመር ስታይልስ ፕሮግራሙን ጽፎ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። ኬንታኪ ውስጥ በዚያን ጊዜ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በየማለዳው የፈረስ ውድድር ጋዜጣውን ዘርግቶ የፈረሶቹን ሰዓት፣ የተሸከሙትን ክብደት፣ የሜዳውን ጭቃ ሳይቀር ያስገባል። ማሽኑ ሲያጉረመርም ይቆይና በአረንጓዴ ፊደል ያሸንፋል ያለውን ፈረስ ስም ያወጣል።

ሚስቱ ኦፓል ቁርሱን አጠገቡ ታስቀምጥለታለች። ምሳ ሰዓት ላይ ያልተነካውን ሳህን ታነሳለች።

በዚያ ጸደይ ፕሮግራሙ አምስት ቅዳሜ በተከታታይ አሸናፊውን ቀድሞ ጠራ። ወሬው የውድድር ሜዳውን አዳረሰ።

ሃስከል ዶብስ የሚባል በሬ የሚያክል ቁማርተኛ፣ ዴልመርን ጋጣዎቹ አጠገብ ያዘው።

«ፕሮግራሙን ሽጥልኝ።»

«አይሸጥም።»

«እንግዲያው ጣቶችህን ቆርጬ እወስዳለሁ። የሚያውቁት እነሱ አይደሉ?»

በዙሪያቸው የነበሩት ሳቁ። ዴልመር አልሳቀም።

ሐሙስ ከሰዓት ኦፓል ዱቄትና ስኳር እንዲገዛ ሱቅ ላከችው። የኪስ ቦርሳውን ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ።

ቤት ሲገባ ፊቱን በሹራብ ኮፍያ የሸፈነ ሰው ኮምፒውተሩን በመዶሻ ሲከሰክስ አገኘው። ዴልመር ዘሎ ማሽኑ ላይ ተደፋ። የተነሳው መዶሻ ቀኝ እጁ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲደቅ ራሱ ሰማው። ሰውዬው ክው ብሎ ቆመ፤ ከዚያ በጓዳ በር ሮጦ ወጣ። ፕሮግራሙ ያለባቸው ዲስኮች መሳቢያው ውስጥ እንዳሉ ነበሩ።

በመኪና ሆስፒታል ያደረሰው የኦፓል ወንድም ቨርል ነው።

«ዶብስ ነው» አለ ዴልመር፣ እጁን በደም በራሰ ፎጣ ጠቅልሎ።

ቨርል ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ሌላ ማን ይሆናል?» አለ።

ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቹን ቆረጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦፓል በሩ ላይ ቆማ ለመነችው። «ዴልመር፣ በፈጠረህ ተወው። ማሽኑም ይቅርብን፣ ሁሉም ይቅርብን።»

ገፍቷት ወጣ።

ዶብስ ጋጣውን ተደግፎ ሳንድዊች ይበላ ነበር። በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ አየና፣ «ምነው ሰውዬ፣ ፈረስ ረገጠህ እንዴ?» አለው።

ዴልመር ግድግዳው ላይ የቆመውን የድርቆሽ መንሽ በግራ እጁ አነሳና፣ በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ ዶብስ ሆድ ውስጥ ሰካው።

«ምን አደረግኩህ?» አለ ዶብስ፣ በጉልበቱ ወድቆ። የመንሹን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ ሊነቅለው ታገለ። ፈረሶቹ የደም ሽታ አስበርግጓቸው በሮቹን ይራገጡ ጀመር። አምቡላንስ ሳይደርስ ዶብስ ሞተ።

ኦፓልና ቨርል ዴልመርን ሊያስቆሙት ተከትለው ሲደርሱ፣ ፖሊሶች በካቴና አስረው መኪና ውስጥ ሊያስገቡት እየሞከሩ ነበር። የተጠቀለለው እጁ ካቴናው ውስጥ አልገባ ብሎ ሲያስቸግራቸው ከሩቅ አዩ። ኦፓል የወንድሟን ሸሚዝ ደረቱ ላይ ጨምድዳ ያዘች።

«አንተ ደንቆሮ፣ ማሽኑን ስበር አልኩህ እንጂ እጁን ስበር ብዬሃለሁ?»