ይራገፍ ወይስ ይመለስ?

ሮሃ ከጆንያው በርበሬ ቆንጥራ አሸተተች። እትዬ አስናቀችም እንደ ወትሯቸው አብረዋት አሸተቱ፤ ዓይናቸው ግን ከፊቷ አልተነቀለም። የናይሮቢውን የቅመማ ቅመም መጋዘን ሃያ ዓመት የመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ከነገ ጀምሮ ቦታው የሮሃ ሊሆን ነው። ከሞያሌ የመጣው ሹፌር በር ላይ ቆሞ ይነጫነጫል።

«ይራገፍ ወይስ ይመለስ?» አሉ እትዬ።

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ! ብሳሳት አንድ ደንበኛ አይተርፈንም።»

እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ምኑን አውቄ? ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ሲለዩ ኖሩ?»

«ያንቺን ፊት እያየሁ። ሲፈታ አስራግፋለሁ፤ ግንባርሽ ሲቋጠር እመልሳለሁ።»

ሮሃ ግንባሯን ዳሰሰች። ተቋጥሯል።

«ይመለስ!» አለች ወደ ሹፌሩ ዞራ።