ሻምበል አልበላም አለ

ጂራታ በዚያ ሳምንት ሦስት ሰው መታ። ሦስቱንም የመታው በአንድ እስስት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሥጋ ሊገዛ ወደ ሱቁ የመጣ ሾፌር ነበር። «እስስት የሚቀልበው ሥጋ ሻጭ አንተ ነህ አሉ» ብሎ ሳቀ። ጂራታ በቡጢ አፉን አለው፤ ሰውዬው ሁለት ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ወጣ። ሁለተኛው የገዛ ወንድሙ ቡሴ ነው። ጥፋቱ «ቢሞት ከቁጥቋጦ ሌላ እንይዛለን» ማለቱ ነበር። በወንበር ጀርባውን አለው።

ድሮም እጁ ፈጣን ነው። የአሁኑ ቁጣ ግን ምክንያት ነበረው። ካማሺ ሳሉ ቤታቸው ሲቃጠል ሚስቱ ከውስጥ ቀረች። ያኔ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረችው ልጁ ቃናኒ ከዚያ ወዲህ ለሰው ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አሶሳ ከገቡ በኋላ ጂራታ አጥር ላይ ያገኘውን እስስት ይዞ ሰጣት። በሳምንቱ ከበሩ ጀርባ ስታንሾካሹክ ሰማት። ለእስስቱ ተረት ትነግረው ነበር። ጂራታ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

እስስቱ ግዙፍና ጠበኛ ስለነበር ስሙን ሻምበል አለው። ሰፈሩ እስስት ሲያይ ድንጋይ ያነሳል፤ የጂራታን እስስት ግን ማንም አይነካም።

አሁን ሻምበል ምግብ ካቆመ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ቃናኒም ተረቷን አቁማለች። ሻምበል ከሞተ የልጁ ድምፅ አብሮት እንደሚቀበር ጂራታ ያውቀዋል።

ያልሞከረው የለም። ከሥጋ ቤቱ ዝንብ እየያዘ በሕይወት ለቀቀለት። ዝንብ ሰልችቶት ይሆናል ብሎ ፌንጣ አመጣ፤ ፌንጣው ጠንክሮበት ይሆናል ብሎ ለስላሳ ትል። ለአጥንቱ ይሆነዋል ብሎ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ ነሰነሰበት። የሽቦ ቤቱን ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ጥላ ላይ አኖረው። ቅጠሉ ላይ ውሃ ሲረጭለት ሻምበል ጠብታውን ይልሳል፤ ምግቡን ግን ዞር ብሎ አያየውም። ሆዱ ተነፍቷል፤ ቆዳው ጠቁሯል። ቀኑን ሙሉ ከቅርንጫፉ ወርዶ የቆርቆሮውን ወለል ይቧጥጣል። ጂራታ ያንን ድምፅ ጣር ነው አለ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋን ብኸይታን ለምኖ አመጣት። የበርታ ተወላጅ ናት፤ ከብትና ፍየል እንጂ እስስት አክማ አታውቅም። ስለ ምግቡ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ፀሐዩ ጠየቀችው።

«ወንድ ነው፣ ሴት ነው?»

«ሻምበል እያልኩሽ።»

«እሺ። አፉ ቁስል የለም። ሆዱ ግን ትልቅ ሆነ። ፌንጣ ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከኦቦ ዲሳሳ ማንጎ ሥር። ቃናኒ ናት የምትለቅመው።»

«ሰውዬው ዛፍ መድኃኒት ይረጫል? መርዝ የነካው ፌንጣ ከበላ መጥፎ ነው። ወላሂ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገ መጥቼ አያለሁ። እስከዚያ ምንም አታድርግ።»

ከዚህ ሁሉ ጂራታ ጆሮ የገባው መርዝ የሚለው ብቻ ነው።

ዲሳሳ አጥር የሚጋሩት ሽማግሌ ነው። ማንጎው በተባይ ስለሚጠቃበት በየዓመቱ ይረጫል። እስስቱ ሲመጣም «ይህን አውሬ ከልጅቷ አርቀው» ብሎ ነበር። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይላሉ፤ ጂራታ ግን የእሱ ጎረቤት ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያሳጣው እንደሆነ ወሰነ። በማግስቱ ከሥጋ ቤት ሲመለስ ሽማግሌው መርጫውን በጀርባው አዝሎ በጓሮው ሲሄድ አየው። ወደ ቤቱ እንኳ አልገባም። የአጥንት መጥረቢያውን እንደያዘ አጥሩን ጥሶ ዘለቀ።

የመጀመሪያው ምት መርጫው ላይ አረፈ። ዲሳሳ ከነመርጫው ጎመኑ ላይ ተንበረከከ።

«ልጄን ገደልካት» አለ ጂራታ።

«ማንን? ቃናኒን? ምን ሆነች?»

«ምንድነው የረጨኸው?»

«ውሃ ነው፣ ልጄ። ጎመን ነው የማጠጣው። ቃናኒ ፌንጣ ልትለቅም ስለምትመጣ ዘንድሮ መድኃኒት አልረጨሁም። ዛፎቼን እያቸው እስኪ፣ ተባይ ጨርሷቸዋል።»

ጂራታ ቀና አለ። የማንጎው ቅጠል በተባዩ ነጭ ነጠብጣብ ተሸፍኗል። ደሙ ፈልቶ ስለነበር የመርዝ ዱቄት ሆኖ ታየው።

በመጥረቢያው ጀርባ ትከሻውን አለው። አጥንት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ጂራታ ከዕለት ሥራው ያውቀዋል፤ ስለዚህ አልደነገጠም። ሽማግሌው «ልጄ፣ ተው» እያለ እጁን ዘረጋ። ቀጣዩ ምት እጁን ሰበረው። ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቅላቱን አገኘው፤ ሌላ አላስፈለገም። ዲሳሳ ፊቱን ጎመኑ ውስጥ ደፍቶ ቀረ። ደሙ ከመርጫው በቦዩ ከፈሰሰው ውሃ ጋር እየተቀላቀለ ወደ ማንጎው ሥር ወረደ።

ጂራታ ቆሞ ተነፈሰ። አላዘነም። ልክ የሠራ መስሎት ነበር።

ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ቃናኒ በተጣሰው አጥር በኩል እየሮጠች መጣች። እጆቿ እስከ ክርኗ አፈር ለብሰዋል። ጂራታ ቶሎ ዞሮ በሰውነቱ ከለላት፤ ከኋላው የተዘረጋውን አላየችም። ሸሚዙን ይዛ ሳበችው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አፏን ከፍታ አባቷን አናገረችው።

«አባዬ፣ ሻምበል ሴት ናት፤ ጠዋት አፈር ላይ ሳወርዳት ጉድጓድ ቆፍራ ሠላሳ እንቁላል ጣለች፣ አሁን ፌንጣ እየበላች ነው።»